በሰው፣ በመሣሪያ ወይስ በአንድ ጊዜ? ለኩባንያ ኔትወርክ ላይሰንስ ከመግዛት በፊት

ፕሮፎርማ ላይ «50 ዩዘር» ተብሎ የተጻፈ ነገር ሦስት የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ስማቸው አንድ በአንድ የተመዘገበ 50 ሠራተኞች ሊሆን ይችላል። ማንነታቸው ሳይጠየቅ በአንድ ጊዜ መግባት የሚችሉ 50 ሰዎችም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሻጩ በልማድ «ዩዘር» ያላቸው 50 ኮምፒውተሮች ናቸው። የሦስቱ ዋጋ ለየቅል ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የገዛ ድርጅት ወይ ሳያስፈልገው ብዙ ይከፍላል፣ ወይ የሶፍትዌር ኦዲት (አምራቹ የላይሰንሱን ብዛት የሚያጣራበት ምርመራ) የመጣ ዕለት ጎድሎ ይገኛል።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ቁጥሮችን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የመጀመሪያው ሰው ነው። የደመወዝ ዝርዝሩን አትገልብጡ፤ ሰርቨሩን የሚነካውን ሰው ብቻ ቁጠሩ። ኮምፒውተር የማይነኩት ጥበቃና ሹፌር አይገቡም፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣው የኮንትራት ሒሳብ ሠራተኛ ግን ይገባል። ሁለተኛው መሣሪያ ነው፦ ዴስክቶፕ፣ ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ የኩባንያውን ፋይል የሚከፍት ስልክ ሁሉ። ሦስተኛው የሥራው ጣሪያ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ በጣም በተጨናነቀው ሰዓት በአንድ ጊዜ የሚሠራው ሰው ስንት ነው? ይህን ሦስተኛ ቁጥር ማንም አይቆጥረውም። ብዙ ገንዘብ የሚተርፈው ግን እዚያ ነው።

የዊንዶውስ ሰርቨር ካል፦ ሰው ወይስ መሣሪያ

ዊንዶውስ ሰርቨር የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የሰርቨሩ የራሱ ላይሰንስ ነው። ከ2016 እትም ወዲህ የሚቆጠረው በፕሮሰሰር ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ የስሌት ክፍሎች ብዛት) ሲሆን ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 8፣ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር ይከፈልበታል፤ ማሽኑ ባለ 6 ኮር ቢሆንም የ16ቱን ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው በተለምዶ ካል የሚባለው፣ ወደ ሰርቨሩ የመግባት መብት ነው። ፋይል የሚከፍት፣ በሰርቨሩ በኩል የሚያትም፣ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የሠራተኞቹ ስምና የይለፍ ቃል በተያዘበት የሰርቨሩ መዝገብ) በኩል በስሙና በይለፍ ቃሉ የሚገባ ሁሉ ካል ያስፈልገዋል።

ካል ሁለት ዓይነት ነው። የተጠቃሚ ካል ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ሰውዬው ከዴስክቶፑም ከላፕቶፑም ከስልኩም ቢገባ ያው አንድ ነው። የመሣሪያ ካል ለአንድ ኮምፒውተር ይሰጣል፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ አሥር ሰው ቢፈራረቅም አንድ ነው። የተጠቃሚው ካል ዋጋ ከመሣሪያው ከፍ ይላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ስላልሆነ ውሳኔውን የሚወስነው ዋጋው ሳይሆን ብዛቱ ነው።

አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ እንውሰድ። ቢሮ ውስጥ 42 ሠራተኞች አሉ። ሁሉም ዴስክቶፕ አላቸው፣ 18ቱ ላፕቶፕ ጨምረዋል፣ 30ዎቹ ደግሞ የኩባንያውን ፋይል በስልካቸው ይከፍታሉ። ምርት ክፍሉ በ3 ፈረቃ ይሠራል፤ በየፈረቃው 12 ሰዎች በ12 ኮምፒውተሮች ላይ ምርት ይመዘግባሉ፣ በድምሩ 36 ሰዎች ማለት ነው። ሁሉንም በተጠቃሚ ካል ብትሸፍኑ 42 ሲደመር 36፣ 78 ካል ይሆናል። ሁሉንም በመሣሪያ ብትሸፍኑ 42፣ 18፣ 30 እና 12 ተደምረው 102 ይመጣል። ቢሮውን በተጠቃሚ፣ ፋብሪካውን በመሣሪያ ብትሸፍኑ ግን 54 ካል ይበቃችኋል። ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ መግዛት ይፈቀዳል፤ ብዙ ሻጮች ይህን ሳይጠየቁ አይናገሩም።

የቅልቅሉ ስንጥቅ በፈረቃ ኃላፊዎቹ በኩል ይመጣል። ኃላፊው ከፋብሪካው ኮምፒውተር ሲገባ በመሣሪያው ካል ተሸፍኗል። ማታ ከቤቱ በቪፒኤን (ከውጭ ወደ ኩባንያው ኔትወርክ በሚያስገባ የተጠበቀ መስመር)፣ በራሱ ላፕቶፕ የገባ ዕለት ግን የራሱ የተጠቃሚ ካል ሊኖረው ይገባል። ሦስት የፈረቃ ኃላፊዎች ካሉ ቁጥሩ 57 ይሆናል። ከ78 አሁንም በብዙ ይሻላል፤ ግን ከመግዛት በፊት መታወቅ አለበት።

ስለ እትም አንድ ደንብ ያዙ፦ ካሉ ከሰርቨሩ እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት። የ2022 ካል የ2019 ሰርቨር ላይ ይሠራል፤ የ2019 ካል የ2022 ሰርቨርን አይሸፍንም። ሰርቨሩን ወደ አዲስ እትም ለማሳደግ በጀት ስትይዙ የሁሉም ሠራተኛ ካል አብሮ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። ይህ የተረሳበት ዕቅድ በግማሽ መንገድ ይቆማል።

ሠራተኛ ሲለቅ ካሉ ለተተኪው ይዛወራል። ደንቡ በ90 ቀን ውስጥ ደጋግሞ ማዛወርን ይከለክላል፤ ሰውየው ሥራ ከለቀቀ ወይም ኮምፒውተሩ ጨርሶ ከተበላሸ ግን ወዲያው ማዛወር ይቻላል። የወሊድ ፈቃድ የወጣችን ሠራተኛ የሚተካ ጊዜያዊ ሠራተኛም በእሷው ካል ሊሠራ ይችላል።

ሰዎችን የሚያዘናጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ዊንዶውስ ሰርቨር መደበኛውን ካል ራሱ አይቆጥርም። 54 ገዝታችሁ 90 ሰው ቢገባ ማንንም አይመልስም፣ ማስጠንቀቂያም አያወጣም። ቆጠራው የእናንተ ሥራ ነው። የግዢ ደረሰኙን፣ የላይሰንስ ማረጋገጫውን እና «ይህ ካል ለእገሌ፣ ያ ካል ለዚህ ኮምፒውተር» የሚል አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ አንድ ፎልደር ውስጥ አኑሩ። ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ሳይታሰብ ካል የሚበሉ ነገሮች

አንደኛው ዲኤችሲፒ ነው። የአይፒ አድራሻ የሚያድለው ዊንዶውስ ሰርቨሩ ከሆነ አድራሻ የሚቀበለው መሣሪያ ወይም ተጠቃሚው ካል ያስፈልገዋል። እንግዳ መቀበያው ላይ ዋይፋይ የሚጠቀም ደንበኛ፣ የግድግዳው የጣት አሻራ ማሽን፣ የአይፒ ስልክ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላልና ነፃ ነው፦ የእንግዳውን ዋይፋይ ለብቻው ኔትወርክ አድርጉ፣ አድራሻውንም ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ያድል። እየቃኘ ፋይሉን ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ባለ ብዙ ተግባር ፕሪንተርም እንዲሁ ነው፤ የሚጠቀሙበት ሰዎች በሙሉ የተጠቃሚ ካል ካላቸው ግን ለማሽኑ ሌላ አይገዛለትም።

ሁለተኛው በአንድ በር ማስገባት ነው። 60 ሰው የሚጠቀምበት የንብረት ወይም የሰው ኃይል ሶፍትዌር ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኘው በአንድ የጋራ አካውንት ነው እንበል። «ሰርቨሩ የሚያየው አንድ ተጠቃሚ ነው፣ አንድ ካል ይበቃል» የሚል ክርክር በየቢሮው ይሰማል። አይሠራም። መሃል ላይ የተቀመጠ ሶፍትዌር የሰውን ቁጥር አይቀንስም፤ የሚቆጠሩት ከጫፍ ያሉት 60 ሰዎች ናቸው። ካል የማይጠየቅበት በሕዝብ ድረ ገጽ በኩል ነው፤ ስሙን ሳያስገባ በኢንተርኔት ገጹን ብቻ የሚያይ ጎብኚ አይቆጠርም።

ካል ሳይገዙ ማለፍ የሚቻልበት

የምትፈልጉት የጋራ ፎልደር ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ ሰርቨር መግዛት ብክነት ነው። ሦስት አማራጭ አለ። እስከ 20 መሣሪያ ድረስ ተራው ዊንዶውስ 11 ፕሮ ፋይል ማጋራት ይፈቅዳል፤ ገደቡ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም፣ ሲስተሙ ራሱ ከ20 በላይ ግንኙነት አያስገባም። ሊኑክስ ላይ ሳምባ የተባለው የፋይል ማጋሪያ ሶፍትዌር ወይም እንደ ሲኖሎጂ ያለ የማከማቻ ሣጥን ካል የሚባል ነገር አይጠይቅም። ከሰርቨር አምራቾች ጋር የሚመጣው የዊንዶውስ ሰርቨር ኢሴንሻልስ እትም ደግሞ እስከ 25 ሰውና 50 መሣሪያ ድረስ ያለ ካል ይሠራል። 22 ሠራተኛ ያለው ቢሮ ስታንዳርድ እትምና 22 ካል ከመግዛቱ በፊት ስለ ኢሴንሻልስ መጠየቅ አለበት። በሚቀጥለው ዓመት 30 ሠራተኛ እንደሚኖረው ካወቀ ግን አይጠጋው፤ 26ኛው ሰው የመጣ ዕለት መደበኛ እትም መግዛት ይኖርበታል።

ርቀት ዴስክቶፕ፦ እዚህ ሰርቨሩ ራሱ ይቆጥራል

ቅርንጫፍ ያላቸው ድርጅቶች የሒሳብ ሶፍትዌራቸውን አንድ ሰርቨር ላይ አስቀምጠው ሁሉም በርቀት ዴስክቶፕ፣ ማለትም የሰርቨሩን ስክሪን ካለበት ሆኖ በኔትወርክ ከፍቶ፣ እንዲገባበት ያደርጋሉ። ለዚህ ከመደበኛው ካል በተጨማሪ የአርዲኤስ (የርቀት ዴስክቶፕ አገልግሎት) ካል ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ያለ አርዲኤስ ካል የሚፈቀደው ለአስተዳደር ሥራ የሚገቡ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱን የአስተዳደር መግቢያዎች ሒሳብ ክፍሉ እንዲሠራባቸው መስጠት ከደንቡ ውጭ ነው።

አገልግሎቱን ስትጭኑ 120 የምሕረት ቀናት ይሰጣችኋል። አብዛኛው ችግር የሚወለደው ከዚህ ነው። የጫነው ባለሙያ ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል፣ አራት ወር ሁሉም በሰላም ይገባል፣ አንድ ቀን ጠዋት «የላይሰንስ ሰርቨር አልተገኘም» ብሎ ማንንም አያስገባም። ካሉ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨሩ ላይ አልተመዘገበም፣ ወይም የትኛው ሰርቨር ላይሰንስ እንደሚሰጥ አልተነገረውም። ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ የጋራ ቅንብር) ውስጥ ሁለት ቦታ መሞላት አለበት፦ የላይሰንስ ሰርቨሩ ስም እና የአቆጣጠሩ ዓይነት። ዓይነቱ በቁጥር ሲቀመጥ 2 ማለት በመሣሪያ፣ 4 ማለት በተጠቃሚ ነው። የተጠቃሚ ካል ገዝታችሁ እዚያ 2 ከተቀመጠ የገዛችሁት ካል ሥራ ላይ አይውልም። የምሕረት ጊዜውን ከሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ሰርዞ እንደገና 120 ቀን ማግኘት የሚቻልበት «ዘዴ» በየቦታው ይመከራል፤ ላይሰንስ አለመኖሩን በራስ እጅ መመስከር ነውና ይቅርባችሁ።

በተጠቃሚና በመሣሪያ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ከወረቀት አልፎ አሠራሩን ራሱ ይለውጠዋል። የመሣሪያ ካል በጥብቅ ይቆጠራል። አዲስ ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲገባ የ90 ቀን ጊዜያዊ ላይሰንስ ይሰጠዋል፤ በድጋሚ ሲገባ ቋሚውን ይወስዳል። «ቋሚ» የሚባለውም ከ52 እስከ 89 ቀን ውስጥ ጊዜው ያልፍና ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ካለ ይታደሳል። የገዛችሁት ካል ካለቀ አዲስ ኮምፒውተር የሚገባው ጊዜያዊው እስኪያልፍ ብቻ ነው። የተጠቃሚ ካል ግን ይመዘገባል እንጂ በር አይዘጋም። 30 ገዝታችሁ 40 ሰው ቢገባ ይገባል፤ ጉድለቱ የሚታየው ሪፖርት ሲወጣ ነው። ሪፖርቱ ራሱ በትክክል የሚወጣው የላይሰንስ ሰርቨሩ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ለላይሰንስ ሰርቨሮች በተዘጋጀው ቡድን አባል ከሆነ ነው። ካልሆነ የክስተት መዝገቡ ውስጥ 4105 የሚል ቁጥር ይደጋገማል።

የመሣሪያ ካል ገዝተው በፎርማት የሚጎዱ ብዙ ናቸው። የተሰጠው ላይሰንስ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ቫይረስ ገብቶ 20 ኮምፒውተሮች በአንድ ቅዳሜ ፎርማት ተደረጉ እንበል፤ ሰኞ ሃያዎቹም እንደ አዲስ ማሽን ይመጣሉ፤ በድጋሚ ሲገቡ ሌላ 20 ካል ይጠይቃሉ። የድሮዎቹ 20 ጊዜያቸው እስኪያልፍ ተይዘው ይቆያሉ። በእጅ መልሶ መውሰድ ይቻላል፤ ግን በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው 20 በመቶ አይበልጥም። 50 ካል ካላችሁ 10 ብቻ ማስለቀቅ ትችላላችሁ። ስለዚህ ፎርማቱን በሳምንታት ከፋፍላችሁ አድርጉ።

ዶሜይን (በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ከአንድ ቦታ የሚተዳደር ኔትወርክ) የሌለው፣ በወርክግሩፕ (እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻው በሚተዳደርበት አሠራር) የሚሠራ ቢሮ ምርጫ የለውም፦ የመሣሪያ ካል ይግዛ። በወርክግሩፕ ላይ የተጠቃሚ አቆጣጠር ከተመረጠ በአዳዲሶቹ እትሞች ላይ ሰውየው ከገባ ከ60 ደቂቃ በኋላ ይባረራል። «በየሰዓቱ ይዘጋብናል፣ ኔትወርኩ ነው» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው፤ ኬብል መቀየር አይጠቅምም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር፦ በሰው ወይስ በኮር

ዳታቤዙ የኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ስታንዳርድ እትም ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ አንድ የሰርቨር ላይሰንስ ገዝቶ ለየሰው ካል መጨመር፣ ወይም በኮር ገዝቶ የሰውን ቁጥር መርሳት። ማይክሮሶፍት ለ2022 እትም በአሜሪካ ያወጣው ዋጋ ለሰርቨሩ 989 ዶላር፣ ለአንድ ካል 230 ዶላር፣ ለሁለት ኮር ደግሞ 3,945 ዶላር ነው። የሚገዛው ዝቅተኛው ኮር 4 ስለሆነ የኮሩ መንገድ ከ7,890 ዶላር ይጀምራል። ከ7,890 ላይ 989 ቀንሳችሁ ለ230 ብታካፍሉት 30 ይመጣል። እንግዲህ ባለ 4 ኮር ሰርቨር ላይ እስከ 30 ሰው ድረስ ካል ይረክሳል፣ ከዚያ በላይ ኮር ያዋጣል። ሰርቨሩ ባለ 8 ኮር ከሆነ መስመሩ ወደ 64 ሰው ይሸሻል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ምክር አለ፦ ለዳታቤዝ ሰርቨር ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር በግድየለሽነት አትግዙ። በኮር ለምትከፍሉበት ሶፍትዌር ጥቂት ግን ፈጣን ኮር ይሻላል። የደንበኞቻችሁ ቁጥር የማይታወቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደንበኞች በስልክ መተግበሪያ የሚገቡበት ሲስተም ከሆነ፣ ማስላት አያስፈልግም፤ በኮር ግዙ። ዳታቤዙ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ነፃውን ኤክስፕረስ ሞክሩ። በ2022 እትም ገደቡ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ነው፤ የመካከለኛ ሱቅ የብዙ ዓመት ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይህን አይሞላም።

ማይክሮሶፍት 365፦ በስም፣ በወር

ማይክሮሶፍት 365 የኦፊስና የኢሜይል ምዝገባ ነው። እዚህ ለአብዛኛው ቢሮ አማራጭ የለም፣ በስም ነው። አንድ ላይሰንስ ለአንድ ሰው በ5 ኮምፒውተር፣ በ5 ታብሌትና በ5 ስልክ ላይ ይሠራል። ቢዝነስ የሚባሉት ደረጃዎች ለእያንዳንዳቸው 300 ሰው ጣሪያ አላቸው። ምርጫው ያለው በደረጃዎቹ መካከል ነው፤ አንዱን ደረጃ ለሁሉም መግዛት ግን የተለመደ ስህተት ነው። ኢሜይል ብቻ ለሚያይ ሰው ቤዚክ ይበቃዋል።

የሚበዛው ብክነት ሰው ላልሆኑ አድራሻዎች መክፈል ነው። የሽያጭ፣ የጨረታ፣ የአጠቃላይ መረጃ አድራሻዎች ላይሰንስ አያስፈልጋቸውም፤ የጋራ የመልእክት ሣጥን አድርጓቸው፣ እስከ 50 ጊጋባይት ነፃ ነው። የለቀቀ ሠራተኛ ሣጥንም መጀመሪያ ወደ ጋራ ተለውጦ ከዚያ ላይሰንሱ ይነሳ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠና ሠራተኛው ከተሰረዘ መመለሻው 30 ቀን ብቻ ነው።

ኦፊስን ርቀት ዴስክቶፕ ሰርቨር ላይ ለመጫን የምታስቡ ከሆነ ቢዝነስ ስታንዳርድ አይሆንም፣ በጋራ ኮምፒውተር ላይ የመሥራት መብት የለውም። ቢዝነስ ፕሪሚየም ወይም የድርጅት ደረጃዎቹ ያስፈልጋሉ። ፕሪሚየም መግዛት ደግሞ የዊንዶውስ ሰርቨር ካልን አያካትትም፤ «365 ስላለን ካል አያስፈልገንም» የሚለው አባባል ለፕሪሚየም ስህተት ነው።

በኮምፒውተር ላይ የተጫነው ኦፊስ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ፋይል ያሳያል እንጂ አያስተካክልም። ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ በሚቋረጥበት ቦታ ለሚሠራ ቢሮ በመሣሪያ የሚገዛው ኦፊስ ኤልቲኤስሲ 2024 ይሻላል፤ አንዴ ተከፍሎ እስከ ጥቅምት 2029 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ድጋፍ አለው፤ ቲምስና የደመና ማከማቻ ግን አብረው አይመጡም።

የብሩ ጉዳይም አለ። ወርኃዊ ምዝገባ በዶላር ይተመናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት በ57 ብር ገደማ ሲሰላ የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ ደንበኝነቱ አልተለወጠም፣ በብር የሚወጣው ግን እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት የሚቆይ ላይሰንስ ይህ ስጋት የለበትም። የማደሻ ቀኑም ከበጀት ዓመቱ ጋር ይታይ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ በጀት ተዘግቶ ሳለ የሚታደስ ምዝገባ ሁሌም ይዘገያል።

በአንድ ጊዜ የሚቆጠር፦ የምህንድስናው ዓለም

የንድፍ፣ የስሌትና የካርታ ሶፍትዌሮች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በወንበር ነው። አንድ የላይሰንስ ሰርቨር 8 ወንበር ይይዛል፣ 24 መሐንዲሶች ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌሩ ተጭኗል፣ መጀመሪያ የከፈቱት ስምንት ይሠራሉ፣ ዘጠነኛው «ላይሰንስ የለም» ይባላል። አንዱ ሲዘጋ ዘጠነኛው ይገባል።

የሚያዋጣበትን ነጥብ ለማወቅ የወንበሩን ዋጋ በስም ለሚሸጠው ዋጋ አካፍሉ። ወንበሩ 3 እጥፍ ከሆነ 24 ሰው ለ3 ይካፈላል፣ 8 ይመጣል። ጣሪያችሁ ከ8 ወንበር በታች ከሆነ ወንበር ይረክሳል፤ 12 ሰው በአንድ ጊዜ የሚከፍተው ከሆነ በስም ይሻላል። ጣሪያውን ከስሜት ሳይሆን ከላይሰንስ ሰርቨሩ መዝገብ አንብቡ፦ ማን መቼ ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ስንቴ ተከለከለ የሚለው ሁሉ ተጽፏል። የመዝገቡ ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ፤ 09:00 ማለት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ግጭቱም የሚበዛው እዚያ አካባቢ ነው። በወር ሁለቴ የተከሰተ ክልከላ ወንበር ለመጨመር አያበቃም፤ በየቀኑ ሲሆን ጨምሩ።

በጣም የተለመደው የላይሰንስ ሰርቨር ፍሌክስኔት ነው። ሲበላሽ ምክንያቱ ከእነዚህ አይርቅም። አንደኛ ፋየርዎል። ዋናው አገልግሎት ከ27000 እስከ 27009 ባለው ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) ይሠራል፤ የሶፍትዌሩ አምራች የራሱ አገልግሎት ግን ፖርት ካልተወሰነለት በተነሳ ቁጥር ሌላ ፖርት ይይዛል። «ሰርቨሩ እስኪሪስታርት ድረስ ይሠራ ነበር» የሚባለው ለዚህ ነው። የላይሰንስ ፋይሉ ውስጥ በአምራቹ መስመር ላይ ቋሚ ፖርት ጻፉለትና ሁለቱንም ክፈቱ። ሁለተኛ የሰርቨሩ መለያ። ላይሰንሱ ብዙ ጊዜ የታሰረው ከኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር (ማክ አድራሻ) ጋር ነው፤ ካርዱ ከተለወጠ ወይም ቨርቿል ማሽኑ ሌላ አድራሻ ይዞ ከተቀዳ ፋይሉ ዋጋ ያጣል። ሦስተኛ መብራት። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ሳይኖረው ከጠፋ ወንበሩን ሳይመልስ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ሰውየው አሁንም የተቀመጠ ይመስለዋል። ዊንዶውስ በነባሪ ሁኔታው የሞተ የኔትወርክ (ቲሲፒ) ግንኙነትን መፈተሽ የሚጀምረው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። መብራት ተመልሶ ሁሉም አንድ ላይ ሲከፍት ወንበሩ በሌሉ ሰዎች ተይዞ ይገኛል። በአስተዳደር መሣሪያው ማስለቀቅ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ለኮምፒውተሮቹ ሁሉ ዩፒኤስ ባይገዛም የስራ ፈት ጊዜ ገደብ በአማራጮች ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። 15 ወይም 30 ደቂቃ ያልነካ ሰው ወንበሩን ይመልሳል፤ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ የቀረውንም ይህ ይፈታዋል።

ለመስክ ሥራ ወንበርን ለተወሰነ ቀን በላፕቶፕ መዋስ ይቻላል። ቀኑን አሳጥሩት። ለ30 ቀን የተዋሰ ላፕቶፕ በሦስተኛው ቀን ቢሰረቅ ወንበሩ 27 ቀን አይመለስም። መጠባበቂያ ሰርቨር ስታስቡም በፍሌክስኔት ሁለት ሰርቨር መጠባበቂያ አይሆንም፤ ሦስት ሆነው ሁለቱ በሕይወት መኖር አለባቸው። ለትንሽ ቢሮ ይህ ጣጣ ነው፤ አንድ ሰርቨርና ጥሩ ዩፒኤስ ይበቃል።

ይህ አሸጣጥ እየጠበበ መሆኑንም እወቁ። አውቶዴስክ በፈረንጆች 2020 የጋራ ወንበሮችን ማቆም ጀምሮ አንዱን የጋራ በሁለት በስም የተመዘገበ ለውጧል። አሁን አውቶካድን አልፎ አልፎ ለሚከፍት ሰው ያለው አማራጭ ፍሌክስ የሚባለው ቶከን ነው። አንድ ሰው አውቶካድን በከፈተበት ቀን 7 ቶከን ይቀነሳል፤ ለአምስት ደቂቃ ቢከፍተውም የ24 ሰዓቱ ሒሳብ ነው። በአሜሪካ ዋጋ አንድ ቶከን 3 ዶላር፣ አንድ ቀን 21 ዶላር ይሆናል። ዓመታዊው 2,000 ዶላር ገደማ ስለሆነ በዓመት ከ95 ቀን በታች ለሚከፍት ሰው ቶከን ይሻላል። ቶከኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ይቃጠላልና የሁለት ዓመት አትግዙ። ንድፍ ከፍቶ ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ነፃውን ማሳያ ጫኑለት።

በእኛ ቢሮዎች ሰፊ ሥር የያዘው ፒችትሪ፣ አሁን ሴጅ 50፣ በደረጃው ይገድባል፦ ፕሮ ለ1 ሰው፣ ፕሪሚየም እስከ 5፣ ኳንተም እስከ 40። ሒሳብ ክፍሉ ከአምስት ወደ ስድስት ሲያድግ የሚገዛው አንድ ተጨማሪ ላይሰንስ ሳይሆን አዲስ ደረጃ ነው። ሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት እትም ሊኖራቸው ግድ ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢታደስ ከሌሎቹ ጋር አይከፍትም።

ፕሮፎርማ ስትጠይቁ እነዚህን በጽሑፍ ጨምሩ፦ አቆጣጠሩ በተጠቃሚ፣ በመሣሪያ ወይስ በአንድ ጊዜ እንደሆነ፤ የትኛው እትም ዓመት እንደሆነ፤ ቋሚ ወይስ የሚታደስ፤ የሚመዘገበው በማን ስም እንደሆነ። የመጨረሻው እንዳይታለፍ። ላይሰንሱ በአቅራቢው ኢሜይል ከተመዘገበ አቅራቢው የተዘጋ ዕለት ማደሻውም ኦዲቱም ከእጃችሁ ይወጣል። የኩባንያው የጋራ ኢሜይል እንዲሆን ጠይቁ፣ የይለፍ ቃሉን ከአንድ በላይ ሰው ይያዘው።